ምዕራፍ ሰባት፦ ቅቤ ያልገባበት ዶሮ ወጥ

ምግብ ፍለጋ ወደ እስራኤሏ ቂርያት ጋት የሚሄድ አገር ጎብኚ እምብዛም የለም። ከተማዋ በዜና የምትነሳው በኢንቴል የቺፕ ፋብሪካ ነው፤ በየቤቱ የምትታወቀው ደግሞ እዚያው በሚመረተው የሱጋት ስኳር ነው። ከቴል አቪቭ ወደ ቤር ሸባ የሚወርደው ባቡር እዚያ ሲቆም ጠመንጃ ያነገበ ወታደር፣ ከፈረቃ የሚመለስ ሠራተኛና ፌስታል የከበዳት እናት ይወርዳሉ። ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው አይወርድም። የጎንደርን ገበታ ጠንቅቄ አውቃለሁ ለሚል ሰው ግን ከጎንደር ቀጥሎ እንዲያየው የምመክረው ቦታ ይህ ነው። እዚህ የሚያውቀው ወጥ ሁሉ አለ፤ አንዱም ግን እንደሚያውቀው አይደለም።

ባለፈው ምዕራፍ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ነበርን። እዚያ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ምግቡን የሚሠራው መሬቱ ነው። ብራህማፑትራ ዓሣውን ይሰጣል፣ ረግረጉ ሩዙን ያበቅላል። ምሳ የሚከፈተው በኻር ነው፤ ይህም የደረቀ የሙዝ ልጣጭ ተቃጥሎ አመዱ በውኃ ሲጣራ በሚገኝ ፈሳሽ የሚሠራ ምግብ ነው። የሚዘጋው ደግሞ በተንጋ፣ ማለትም ጎምዛዛ በሆነው የዓሣ ወጥ ነው። ሙዙም ዓሣውም ጎምዛዛው ፍሬም ከጓሮ ይገኛሉ። አሳምን በምግቧ ለመረዳት የሚሻ ሰው አፈሩንና ወንዙን ቢያይ ይበቃዋል።

ቂርያት ጋት የዚህ ተቃራኒ ናት። በገበታዋ ላይ ያለው የሐበሻ ምግብ የበቀለበት መሬት ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቀርቷል። ታዲያ መሬቱ ሲቀር ምግቡን ምን ይገዛዋል? ብዙ ሰው ናፍቆት ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ናፍቆት የሚያቆየው የበዓል ምግብን ነው፤ የዘወትሩን ወጥ አያቆይም። በቂርያት ጋት ወጡን የሚገዛው የአይሁድ ሕግና ሰንበት ነው። ምን ከምን ጋር እንደሚበስል ሕጉ ይወስናል፤ መቼ እንደሚበስል ሰንበት ትወስናለች። ቀሪው በባለሙያዋ እጅ ነው።

ስለ ከተማዋ ጥቂት እንበል። ቂርያት ጋት የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የላኪሽን አካባቢ ለማልማት በወጣው ዕቅድ ነው። ስሟን የወሰደችው ጎልያድ ከበቀለባት ከፍልስጥኤማውያን ከተማ ከጌት ነው፤ ዛሬ የጥንት ቅርስ አጥኚዎች ያችን ከተማ የሚያስቀምጧት ግን ከዚያ ወጣ ብሎ በቴል ጻፊት ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። በኋላ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡት ተጨመሩ፤ ኢትዮጵያውያንም ተጨመሩ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል 8 ሺህ ያህል ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ እስራኤል ገብተው ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ዛሬ በእስራኤል የኢትዮጵያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ቁጥር ከ160 ሺህ አልፏል፤ ቂርያት ጋትም በብዛት ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

እንግዲህ ወደ እንጀራው።

ከጎንደር ገጠር የመጣች እናት እስራኤል ስትደርስ ቋንቋውን ባታውቅ ልጆቿ ያስተረጉሙላታል። ጤፍን ግን ማንም አይተረጉምላትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንጀራው የሚጋገረው ከስንዴ ዱቄት፣ ከሩዝና በእጅ ከተገኘው ሌላ እህል ነበር። ከስንዴ የተጋገረ እንጀራ መልኩ ይነጣል፣ ሲጠቀልሉት እንደ ጎማ ይሳባል፣ በማግስቱም ይደርቃል። ምክንያቱ ግሉተን ነው። ስንዴ ግሉተን አለው፣ ጤፍ የለውም። ስንዴ አየሩን የሚይዘው በዚያ በሚለጠጥ ፕሮቲን ሲሆን ጤፍ ሌላ ዘዴ ያስፈልገዋል።

ያ ዘዴ አብሲት ነው። ቡሆው ከቦካ በኋላ ከላዩ ያቀረረው ውኃ ይደፋል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ ይበስልና ይመለስበታል። ባለሙያዎች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ለምን እንደሚሠራ ያስረዳው ግን የምግብ ሳይንስ ነው። ስታርቹ ሲበስል ውኃ ጠጥቶ ይወፍራል፣ ሊጡንም ያያይዘዋል። ለእርሾው ተሐዋስያንም የተዘጋጀ ምግብ ይሆንላቸዋል። እነሱ ያንን ሲበሉ ጋዝ ያወጣሉ፣ ሊጡ ኩፍ ይላል። ምጣዱ ላይ ሲፈስ እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ላይ ፈንድተው ይወጣሉ፤ ያ የወጡበት ቀዳዳ ነው የእንጀራ ዓይን። ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎው ይከደናል፣ የታፈነው እንፋሎትም ላዩን ያበስለዋል። እንጀራ የማይገለበጠው ለዚህ ነው።

ቂርያት ጋት ላይ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛው ሙቀቱ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ተረጋግቶ ይቦካል። ቂርያት ጋት ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ሊጡ በአንድ ቀን ይኮመጥጣል፤ በጥር ብርድ ደግሞ ይለግማል። በአገር ቤት ቀን ቆጥሮ የሚሠራው እዚህ ማሽተትና መቅመስ ይኖርበታል። ሁለተኛው የሚፈላው ውኃ ነው። በጎንደር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በቂርያት ጋት 100 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ምስሩና ሽንብራው ቶሎ ይበስላል። 

ጤፉ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች፤ እንጀራ ግን ይላክ ነበር። ክልከላው በኋላ ላላ። በመካከሉ ሌሎች ጤፍ አብቃዮች ብቅ አሉ፣ ሆላንድ ውስጥ ደግሞ አንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ አደረገው። በእስራኤልም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ፣ ከቂርያት ጋት ብዙም በማትርቀው በሬሆቮት፣ ጤፍን በመስኖ ለማልማት ምርምር አድርጓል። ችግሩ አርሶ አደሮቻችን የሚያውቁት ነው፤ ጤፍ ቀጭን ነው፣ ፍሬ ሲይዝ ይጋደማል፣ የተጋደመውን ደግሞ ማሽን አያጭደውም። ፍሬው በአንድ ግራም 2,500 እና ከዚያም በላይ የሚቆጠር ስለሆነ ማሽኑ ጥቂት ቢያፈስ ብዙ ይባክናል። ዛሬ የሐበሻ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮና የተጋገረ እንጀራ በፌስታል ይገኛል። ሐሙስ ከሰዓት ብትሄዱ እንጀራው ገና ላቡ አልደረቀም።

አሁን አንድ አስገራሚ ነገር። ራቢዎች በሚባሉት የአይሁድ መምህራን ሕግ የዳቦ ቡራኬ የሚባልባቸው እህሎች አምስት ናቸው፤ ስንዴ፣ ገብስና ሌሎች ሦስት። ጤፍ ከነሱ ውስጥ የለም። እንጀራ ካልቀረበ አልበላሁም በሚል ሕዝብ ገበታ ላይ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በሕግ ዓይን ዳቦ አይደለም ማለት ነው። የትኛው ቡራኬ ይገባዋል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አንድ አይደሉም። ስንዴ ሲቀላቀልበት ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። ነገሩ ለውጭ ሰው ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ሲበላ እያመሰገነ ለሚበላ ሰው ግን በየምሳው የሚመጣ ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች በመጽሐፍ ከመለሱት አንዱ የዚሁ ከተማ ሰው መሆናቸው ደስ ይላል። ራቢ ዶክተር ሻሮን ሻሎም ኢትዮጵያ ተወልደው በልጅነታቸው በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ። «ከሲናይ እስከ ኢትዮጵያ» የተባለው መጽሐፋቸው የቤተ እስራኤልን ሥርዓት ከራቢዎች ሕግ ጋር ጎን ለጎን ያያል። ራቢ ሆነው ያገለገሉት በቂርያት ጋት ቅዱሼ እስራኤል ምኩራብ ሲሆን፣ ምኩራቡን ያቋቋሙት ከናዚ እልቂት የተረፉ የአውሮፓ አይሁድ ናቸው። የምሥራቅ አውሮፓ ሽማግሌዎች ኢትዮጵያዊ ራቢ ይዘው የሚጸልዩባት ከተማ ብዙ የለችም።

ወደ ዶሮው ስንመጣ የአዲስ አበባ ምላስ መጀመሪያ የሚያስተውለው ቅቤ መቅረቱን ነው። ኦሪት የፍየል ግልገልን በእናቱ ወተት መቀቀል ይከለክላል። ራቢዎቹ ይህን አስፍተው ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በአንድ ድስት እንዳይገናኙ፣ በአንድ ገበታም እንዳይበሉ ደነገጉ፤ ዶሮንም ጨመሩበት። የራቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ታልሙድ ወደ ኢትዮጵያ ስላልደረሰ ቤተ እስራኤል የራቢዎቹን ዝርዝር ያገኙት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ የቂርያት ጋት ዶሮ ወጥ የሚሠራው በዘይት ነው። ንጥር ቅቤ ከነኮሰረቱና ከነኮረሪማው ወደ ሌላ ድስት ሄደ።

ይህን የሰሙ ብዙ ሐበሾች «ታዲያ ምኑን ዶሮ ወጥ ሆነ?» ይላሉ። ቸኩለዋል። ቅቤ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሙያ ይሸፍናል። ያላለቀ ቁሌት በቅቤ ሲድበሰበስ ብዙ ቤት በልቻለሁ። ዘይት ምንም አይደብቅም። ሽንኩርቱ ያለ ውኃ፣ ያለ ዘይት፣ በዝግታ እየተማሰለ እስኪሟሟ ካልተቁላላ ወጡ ውኃውና ቅመሙ ተለያይቶ ይቀራል። በርበሬውም በደንብ ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ ይላል። ስለዚህ በዘይት የተሠራ ዶሮ ወጥ ጥሩ ከሆነ፣ ባለሙያዋ ጥሩ ናት ማለት ነው። በዚህ ረገድ ከእኛ የጾም ወጥ ጋር ይቀራረባል፤ የጾምን ምስር ያለ ቅቤ ማሳመር የምትችል የአዲስ አበባ ሴት ለቂርያት ጋት ወጥ ቤት እንግዳ አትሆንም።

ሌላም ለውጥ አለ። አገር ቤት ዶሮው ተገንጥሎ 12 ብልት ከወጣለት በኋላ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ ዶሮ ደግሞ ደሙ እንዲወጣ ተዘፍዝፎና በጨው ታሽቶ ነው የሚዘጋጀው፤ በእስራኤል ሱቆች የሚሸጠውም ይህ ሥራ ተጠናቆለት ነው። ሁለቱ ልማዶች ደምን በመጥላት ይገናኛሉ። ማብሰል ለሚሻ አንባቢ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከአገር ቤት በለመዳችሁት መጠን ጨው አትጨምሩ፣ ዶሮው ከናንተ በፊት ጨው ቀምሷል።

ስጦታ ይዛችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁም ንጥር ቅቤና አይብ አትያዙ። በሃይማኖት ቁጥጥር ያላለፈ የወተት ተዋጽኦ ሕጉን ወደሚጠብቅ ቤት አይገባም፤ ባለቤቲቱም ይሉኝታ ይዟት ትቀበልና ለማንም ሳታቀምስ ይቀራል። ጥሬ ቡናና ፍራፍሬ ከሁሉ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሲገለበጥ ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ2018 ታይቷል። አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካ፣ የአንድ ጥብቅ የኮሸር ማረጋገጫ ሰጪ አካልን ፍላጎት ለማሟላት፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ከወይን ጠጁ ጋር ከሚያነካካ ሥራ አዛወረ። ምክንያቱ የአይሁድነታቸው ጥርጣሬ ነበር። ይህ የሆነው ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ከበየኑ ከ45 ዓመት በኋላ ነው። ድርጊቱን ልጃቸው፣ በወቅቱ ዋና ራቢ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ፣ አወገዙት። ለሰንበት ነፍሱን አሳልፎ ሲሰጥ የኖረ ሕዝብ እጁ ወይን ያረክሳል መባሉን ምን ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም፤ ውርደቱ የጠርጣሪው ነው።

ሰንበትን ካነሳን እንቆይባት። ቤተ እስራኤል ለሰንበት የሰጡት ክብር ከሌላው አይሁድ እንኳ የተለየ ነው። «ትእዛዘ ሰንበት» በተባለው የግዕዝ መጽሐፋቸው ሰንበት እንደ ሴት፣ የአምላክ ልጅ ሆና ትቀርባለች። በየሰባተኛው ሰንበትም የሰንበት ሰንበት ብለው ለብቻዋ ያከብራሉ። በኢትዮጵያ ሳሉ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ ነበር። ሙሉ በሙሉ። ቅዳሜ የሚበላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ብርድ ባለበት ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሌላው ዓለም የመጡት አይሁድ ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። ከሰንበት በፊት የተለኮሰ እሳት ሳይነካ እንዲቆይ ራቢዎቹ ስለሚፈቅዱ የምሥራቅ አውሮፓው ወጥ ቾለንት፣ የሞሮኮውም ስኺና ሌሊቱን ሲንተከተክ ያድራል። በቂርያት ጋት ሁለቱ ልማዶች በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ተገናኙ። ፕላታ የሚሉት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዓርብ ይሰካል፤ ወጡ እላዩ ላይ ይውላል። ወጣቶቹ በዚህ ደስተኞች ናቸው። አንዳንድ አረጋውያን ግን ትኩስ ወጥ በሰንበት አልዋጥ ይላቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ቀዝቃዛው ልማድ የፈጠረው የምግብ ምርጫ ነው። ለሰንበት የሚመረጠው ቀዝቅዞም የሚበላው ነው፤ ከሁሉ በላይ ዳቦ።

የሰንበት ዳቦ ዓርብ ይጋገራል። ስንዴው ተቦክቶ፣ በአገር ቤት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገር የነበረው እዚህ ወደ ምድጃ ገብቷል። ውፍረቱ ግን አልተለወጠም፤ ለአንድ ቤተሰብ ሳይሆን ለመንደር የተሠራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የቤተ እስራኤሉ ቄስ በጸሎት ቤቱ፣ እነሱ መስጊድ በሚሉት፣ ባርኮ ይቆርሰዋል፤ ለተገኘው ሁሉ ይዳረሳል። የሞሮኮና የፖላንድ ዝርያ ያላቸው ጎረቤቶች ሃላ የሚባለውን የተጎነጎነ ዳቦ ሲቆርሱ እዚህ ድፎው ይቆረሳል።

ፋሲካቸው ላይ ነገሩ ይጠብቃል። በአገር ቤት የቦካ ነገር ሁሉ ይወገድ ነበር፤ እርጎና ቅቤ ሳይቀር። ቂጣ ይበላል። አሮጌው የሸክላ ዕቃ ተሰብሮ በአዲስ ይተካል፤ ሸክላ ሥራ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሙያ ስለነበረ አዲሱን ሠሪ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። በጎንደር ጫፍ ወለቃ የደረሰ ሰው ያንን ሥራ አይቶታል።

ከአሮጌው ከተማ ወደ ሰሜን ሲኬድ ካርሜ ጋት ይመጣል። ከአሥር ዓመት ወዲህ የተሠራ ሰፈር ነው፤ ረጃጅም ሕንፃ፣ ሰፊ መንገድ፣ የልጆች መጫወቻ። የሚገዙትም ወጣት ቤተሰቦች ናቸው። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በጋዛ ድንበር የምትገኘው ኒር ኦዝ የተባለች ኪቡጽ (የጋራ ኑሮ መንደር) በጥቃት ከወደመች በኋላ የተረፉት ነዋሪዎች በጋራ እንዲኖሩ የተሰጣቸው መኖሪያ በዚህ ሰፈር ነው። በአንድ መመገቢያ አዳራሽ አብረው መብላት የለመዱ ሰዎች በየፎቁ ተከፋፍለው ገቡ። ገበታው የተበተነበት ሰው ምን እንደሚሰማው በዚህ ከተማ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለምግብ ተጓዥ ካርሜ ጋት የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ፎቅ ላይ የሚፈላ ቡና። ከሰል በአሥረኛ ፎቅ አይቀጣጠልም፤ ቡናው በጋዝ ይቆላል፣ ዕጣኑም በልክ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ግን በቦታቸው አሉ፤ ፈንድሻውም አለ። ሥጋ ከተበላ በኋላ ወተት በቡና ስለማይፈቀድ የአዲስ አበባ ማኪያቶ ወዳጆች ይቸገራሉ። ወላጆች አማርኛ ያወራሉ፣ ልጆች በዕብራይስጥ ይመልሳሉ፣ ጉርሻው ሲመጣ ሁሉም አፉን ይከፍታል።

ጉዞውን ለሚያስብ አንባቢ የመጨረሻ ምክሬ ይህ ነው። ሬስቶራንት አትጠብቁ፤ ለዚያ ቴል አቪቭ ይሻላል። የቂርያት ጋት ምግብ ያለው በቤት፣ በሠርግና በዕቃ ሱቆች ነው፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሚያውቃችሁ ሰው ይኑር። ሐሙስ ደርሳችሁ ሱቆቹን እዩ፣ ዓርብ ጠዋት ቁሌቱ ሲቁላላ በየደረጃው ሽታው ይመራችኋል። ለሰንበት ከተጋበዛችሁ እደሩ፤ ግን ስልካችሁን ዝጉ፣ ፎቶ አታንሡ፣ ሲጋራም አትለኩሱ። ካልተጋበዛችሁ ዓርብ ከቀትር በፊት ውጡ፤ ባቡሩ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ አይሠራም። በኅዳር አካባቢ፣ ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን የሚውለውን ስግድን ለማየት የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ቂርያት ጋት አትሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው፤ በዚያን ቀን ቄሶቹም፣ እናቶቹም፣ ዳቦውም ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ናቸው።